ጥርሱ በሚነቀልበት ቀን ስለ አጥንቱም ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጥርስ ተከላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከእማዬ ጋር ሆነን አነበብነው። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ እሷ ቡና እየቆላች ሰማች። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ኢምፕላንት፣ ማለትም በተነቀለ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው የብረት ሥር፣ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚተከል፣ ስንት ወር እንደሚፈጅ በደንብ ተብራርቷል። ግን አንድ ቦታ ላይ «ታካሚው በቂ የመንጋጋ አጥንት ሊኖረው ይገባል» ይልና ያልፋል። እማዬ ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና «እሱን ድገሚልኝ እስቲ» አለችኝ። ደገምኩላት። «ከሌለውስ? ከሌለው ምን እንደሚሆን አይልም?»

አይልም። እኛ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ መከራ ያየነው እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ይህንን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምጽፈው።

እማዬ 62 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ወንጂ ነው፤ አያቴ የሸንኮራ እርሻው ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ በኋላ እዚያ የተወለዱ ብዙ ልጆች የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ጥርሱ ድዱ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ያንን ውሃ ከጠጣ፣ ጥርሱ ሲወጣ ቡናማ ነው። ሲብስ ደግሞ ይሸራረፋል። ወንጂ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ አካባቢ የኖረ ሰው ይህንን እኔ እንድነግረው አያስፈልገውም።

እማዬ አግብታ አዲስ አበባ ስትመጣ አፏን በነጠላ ጫፍ ሸፍና ነበር የምትስቀው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ስትገባ አንዱ ሲያማት፣ ሌላው ሲሰበር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉንም አስነቀለቻቸው። በየጊዜው ጥጥ አስነክሰው «ዛሬ ትኩስ ነገር እንዳትጠጪ» ይሏታል፣ ትወጣለች። ሌላ ምንም አልተባለችም። ከዚያ ተነቃይ ጥርስ ተሠራላት። ነጭ፣ ቆንጆ ጥርስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አሳይታ የሳቀችበት ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ።

ያኔ ማንም ያልነገራት ነገር ይኼ ነው። ጥርስን የያዘው የመንጋጋ አጥንት የሚኖረው ጥርሱ ስላለ ነው። ባኘክን ቁጥር ጥርሱ በሥሩ በኩል አጥንቱን ይነካካዋል፣ ሥራ ይሰጠዋል። ጥርሱ ሲነቀል አጥንቱ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ሰውነት ደግሞ ሥራ የሌለውን አጥንት አይቀልብም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የአጥንቱ ስፋት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላም አይቆምም፣ ቀስ እያለ ይቀጥላል። ሙሉ ለሙሉ ጥርስ የሌለው ሰው ላይ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ይሟሟል። ላዩ ላይ የሚቀመጠው ተነቃይ ጥርስ ደግሞ ድዱን እየተጫነ ያባብሰዋል።

እማዬ ሃያ አምስት ዓመት ያንን ጥርስ አደረገች። የላይኛው ላንቃዋ ላይ እንደ ምንም ይጣበቅላታል። የታችኛው ግን ከዓመት ዓመት እየላላ መጣ። ሥሩ ጥጥ ትጎዘጉዝበታለች። ሥጋ ስታኝክ በቀኝ በኩል የሆነ ቦታ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራትና ጉርሻዋን አስቀምጣ ዝም ትላለች። የታናሽ እህቴ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ በእልልታ ሲናጋ፣ የሙሽሪት እናት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። አንዲት እልልታ ብትል ጥርሱ ከአፏ ይወጣል። ቪዲዮው ላይ ሰው ሁሉ ያለቀሰች ነው የሚመስለው። ምን ሆና እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ሰርግ በኋላ ነው «በቃ፣ ኢምፕላንት ይደረግልሽ» ያልናት።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ሐኪሙ አንድ ጠፍጣፋ ራጅ አነሳ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል አየውና «እናቴ፣ አጥንት የለዎትም፣ አይቻልም» አላት። ሌላ ታካሚ ተጠራ። ወጣን። ታክሲ ውስጥ እማዬ አገጯን በሁለት እጇ ይዛ ትዳብሳለች። «ታዲያ ይሄ ምንድነው? አጥንት ከሌለኝ ይሄ ምንድነው?» ትለኛለች። ሌሊቱን አልተኛችም። ነቀርሳ ይሆን ብላ ነው። አጥንቷን የሆነ ነገር የበላው መስሏት ለሳምንት ያህል ለማንም ሳትናገር ጸበል ተመላለሰች። «አጥንት የለዎትም» ማለትና «ለዚህ ዓይነት ተከላ የሚበቃ አጥንት በዚህ ቦታ ላይ አይታየኝም» ማለት እንደሚለያይ የነገራት ሰው የለም።

ሁለተኛው ክሊኒክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ሁሉም ይቻላል!» ዛሬ ግማሹን ከከፈላችሁ ቅናሽ አለው። እኔ «አጥንቷ አንሷል ተብለናል፣ በሲቲ ስካን አይታይም ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ስንከፍተው እናየዋለን» ተባልኩ። እናቴን ነው፣ የመኪና ሞተር አይደለም የሚከፍቱት! እጇን ይዤ ወጣሁ። ባልወጣ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ፤ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት የሚመጣ ነርቭ አለ፤ የከንፈርና የአገጭ ስሜት በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። አጥንቱ ባነሰ ቁጥር ሐኪሙ የሚቆፍርበት ቦታ ወደዚያ ነርቭ ይቀርባል። ነርቩ ከተነካ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው።

ሦስተኛዋ ዶክተር ወጣት ልጅ ናት። ስሟን አልጠቅስም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ወንበሯን ወደ እማዬ አስጠግታ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጥርስ አይደለም። ስኳር አለብዎት? ሲጋራ ያጨሳሉ? ጨረር ሕክምና ወስደው ያውቃሉ? ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ ኪኒን፣ እንደ አሌንድሮኔት ያለ፣ ወይም መርፌ ወስደዋል? ይህ የመጨረሻው እኔ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነበር። እነዚህን መድኃኒቶች የወሰደ ሰው መንጋጋው ላይ የተከፈተ ቁስል አልድን ሊለው ይችላል። እናቶቻችን እኮ መድኃኒታቸውን በስሙ አያውቁትም፤ «ያቺ ነጯ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ለተከላ የምትሄዱ ሰዎች የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ ባለ ሦስት ገጽታውን ሲቲ አስነሳቻት። ያ ጠፍጣፋ ራጅ የሚያሳየው የአጥንቱን ቁመት ነው፣ ስፋቱን አያሳይም። ቁመቱ በቂ መስሎ ጫፉ እንደ ቢላ የሳሳ ሊሆን ይችላል። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እማዬ አዞረችውና መንጋጋዋን እንደ ዳቦ እየቆራረጠች አሳየቻት። ከኋላ በሁለቱም በኩል ከነርቩ በላይ የቀረው 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። «እዚህ አልነካዎትም» አለቻት። ቀጥላ ወደ ፊት አመጣችው። ከአገጯ በላይ፣ ነርቩ ከአጥንት ከሚወጣባቸው ከሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል፣ 12 ሚሊሜትር ጠንካራ አጥንት አለ። «ይኸውልዎት፣ አጥንትዎ። እዚህ ነው ያለው።» እማዬ በጣቷ ስክሪኑን ነካችው። አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ወደ መስኮት አዞርኩ።

ያ ስታኝክ የሚነዝራት ነገርም እዚያው ተፈታ። ነርቩ የሚወጣበት ቀዳዳ ድሮ ከጎን ዝቅ ብሎ ነበር፤ አጥንቱ ከላይ እየሟሟ ሲመጣ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ቀረ። ተነቃዩ ጥርስ በተጫነ ቁጥር የሚጫነው ነርቩን ነው። ለዓመታት «ጥርሴ አልተስማማኝም» ስትል የኖረችው ይኼንን ነው።

አጥንት ላነሰው ሰው መንገዱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ የሰማነው ያን ቀን ነው። አጥንት ከራስ አገጭ፣ ከመንጋጋ ጀርባ ወይም ከዳሌ ተወስዶ ይጨመራል፤ እስኪይዝ ወራት ይፈጃል፣ ሁለተኛ ቁስል አለው። በላይኛው መንጋጋ ከኋላ በኩል ደግሞ ከአጥንቱ በላይ ሳይነስ የሚባለው አየር የሞላበት ክፍት ቦታ አለ፤ የሱን ስስ ሽፋን ከፍ አድርጎ ከሥሩ አጥንት መሙላት ይቻላል። አጫጭር ኢምፕላንቶች አሉ፣ እስከ 6 ሚሊሜትር የሚያጥሩ። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ፓውሎ ማሎ ሊዝበን ላይ ያስፋፋው ዘዴ ደግሞ አለ፤ አራት ብቻ ተክሎ፣ የኋላ ሁለቱን አጋድሞ፣ ሙሉ ጥርስ ማሰር። ማጋደሙ ነርቩንና ሳይነሱን ለመሸሽ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጨርሶ ለሟሟበት ሰው ደግሞ ጉንጭ አጥንት ድረስ ዘልቆ የሚተከል፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚሆን አለ። ይህ የማንም ክሊኒክ ሥራ አይደለም፣ በሙያው የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል።

ስለ መሙያው አጥንት ስትነግራት እማዬ «ከየት ነው የሚመጣው?» አለች። የሰው አለ፣ በፋብሪካ የሚሠራ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግን ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ዱቄት ነው። ሁዳዴ ላይ ነበርን። እማዬ ደንገጥ አለች። ዶክተሯ አልሳቀችባትም፣ አላጣደፈቻትምም። «የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፣ እኔ እጠብቃለሁ» አለቻት። ጠየቀች፤ «መድኃኒት ነው፣ አይጨነቁ» አሏት። በኋላ ይህንን ለአንዲት ጎረቤታችን ስናወጋ፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸውና የባሰ ነገር ጠየቁን። ዶክተሯን አስጠየቅንላቸው። አዎ፣ መሙያው ላይ ከሚሸፈነው ስስ ጨርቅ መሰል ነገር ውስጥ ከአሳማ የሚሠራ አለ፤ ከሌላ የሚሠራም አለ፣ ጠይቆ መምረጥ ይቻላል። አገራችን ውስጥ ይህ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነገር መሆን የለበትም። ሰው አፉ ውስጥ ምን እንደሚገባ ማወቅ መብቱ ነው።

በመጨረሻ ለእማዬ የተመረጠው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ታች ከፊት ለፊት ሁለት ኢምፕላንት ብቻ። ተነቃዩ ጥርስ እንደ ጃኬት ቁልፍ ቀጭ ብሎ እነሱ ላይ ይያዛል፤ ማታ ይወልቃል፣ ይታጠባል። የላይኛው አልተነካም፣ ላንቃዋ ላይ ስለሚጣበቅላት። አጥንት መጨመር አላስፈለገም። ይህ የድሃ መፍትሔ እንዳይመስላችሁ። ሙሉ ለሙሉ የታች ጥርስ ለሌለው ሰው በትንሹ ሊሰጠው የሚገባው ይኼ ነው ብለው የዘርፉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ በ2002 ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው ተስማምተዋል። ሃያ ዓመት አልፎታል። ታዲያ ሁለቱ ክሊኒኮች ለምን አልነገሩንም? አንዱ «አይቻልም»፣ ሌላው «ሁሉንም እንትከልልሽ»። መሃሉ ላይ ያለውን ሰው የሚያስታውሰው የለም።

ዶክተሯ አንድ ታሪክ አጫውታን ነበር፣ እማዬ እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ትናገረዋለች። ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ1952 ጥንቸል እግር ውስጥ ቲታኒየም አስገብቶ የደም ዝውውር ሲያጠና፣ ሥራውን ጨርሶ ሊያወጣው ቢል አልወጣ አለው። አጥንቱ ይዞት ቀረ። እ.ኤ.አ በ1965 ሰው ላይ ሞከረው። የመጀመሪያው ታካሚ ዮስታ ላርሶን የሚባል ሰው ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ መንጋጋው ጉድለት የነበረበት፣ የታችኛው ጥርስ ያልነበረው። እ.ኤ.አ በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ከአርባ ዓመት በላይ፣ በሱ በላ። አያችሁ፣ ይህ ሕክምና ሲጀመርም የተጀመረው መንጋጋው ሙሉ በሆነ ሰው ላይ አይደለም።

ተከላው ራሱ አንድ ሰዓት አልሞላም። በማደንዘዣ ነው፤ ስትወጣ «ከማስነቀሉ ይሻላል» አለች። ከዚያ ሦስት ወር መጠበቅ ነው፣ አጥንቱ እስኪይዘው። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ፍትፍት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና አልቸኮልንም። ሦስት ወር ሲሞላ ጥርሱ ተገጠመ። ቀጭ! የሚለውን ድምፅ ስትሰማ ደግማ አወለቀችው፣ ደግማ ገጠመችው። አምስት ጊዜ ያህል። ዛሬ ጥብስ ትበላለች። ቆሎ አትበላም፣ አትቆርጥሚ ተብላለች። ውስጥ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ስታልቅ ትቀየራለች፤ ዙሪያውንም ጠዋት ማታ በብሩሽ ማጽዳት ግዴታ ነው፣ አለዚያ ድዱ ይቆጣና እንደገና አጥንት ይበላል።

ገንዘቡን አልደብቅም፣ ከበደን። ግማሹን ዱባይ ያለችው እህቴ ናት የላከችው። ዕቃው በሙሉ በዶላር ነው የሚገባው፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ የጠየቀ ያውቀዋል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህኑም ጥርስ ተከላን አይሸፍንም። ሁለት ኢምፕላንት እንኳ ለብዙ እናት የማይደረስበት ነገር ነው።

ለዚህ ነው ዋናው ጉዳይ ተከላው አይደለም የምለው። ዋናው ጥርሱ የሚነቀልበት ቀን ነው። እማዬን በዚያን ጊዜ አንድ ሰው አስቀምጦ «ይህን ጥርስ ሥሩን አክመን ማቆየት ይቻላል» ቢላት፣ ወይ «ሁለቱን የታች ክራንቻዎች ሥራቸውን እንኳ እንተዋቸው፣ አጥንቱን ይይዙልሻል» ቢላት፣ ወይ «ከነቀልነው በኋላ ጉድጓዱን በአጥንት ዱቄት መሙላት አለ፣ መሟሟቱን ሙሉ ለሙሉ ባያቆመውም ይቀንሰዋል» ቢላት! ያኔ ወጣት ነበረች፣ ደመወዝ ነበራት፣ አጥንትም ነበራት። ያንን ለመናገር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ጥጥ አስነክሶ ስለ ትኩስ ነገር ለመናገር ጊዜ ካለ፣ ለዚህም አለ። የጥርስ ሐኪሞቻችን፣ እባካችሁ። ወረፋው እንደሚያጨናንቃችሁ አውቃለሁ። ታካሚው ገንዘብ የለውም ብላችሁ አትገምቱለት፤ ንገሩትና እሱ ይወስን። ዝግጅት ክፍሉም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ያቺን «በቂ አጥንት» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከፍታችሁ ጻፉልን። አንባቢያችሁ ውስጥ እንደ እማዬ አገጩን እየዳበሰ የሚያድር ሰው አለ።

የእኚያው ጎረቤታችን ልጅ 29 ዓመቱ ነው፣ ሐሙስ መንጋጋ ጥርሱን ሊያስነቅል ቀጠሮ ይዟል። እማዬ ትናንት ማታ ነጠላዋን ደርባ ቤታቸው ሄደች። ከግቢው አጥር ወዲህ ሆኜ ድምጿ ይሰማኛል፤ «ከመነቀሉ በፊት ጠይቀው አንተ! ሥሩ ይታከም እንደሆነ ጠይቀው፤ ካልሆነም አጥንቴስ በለው» ትላለች። እሱ የሆነ ነገር መለሰላት፣ አልሰማሁትም። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። አውልቃ እያሳየችው ነበር።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ